የእናቴ ሽንት ላይ ስኳር ታየ፣ መድሃኒቱን ታቁም? (የባለሙያ ምላሽ)

ጥያቄ፦ «እናቴ 61 አመቷ ነው፣ ታይፕ 2 ስኳር ከያዛት 9 አመት ሆኗታል። ሜትፎርሚን፣ ለግፊቷ አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለጨጓራዋ ደግሞ ኦሜፕራዞል ትወስዳለች። ባለፈው ወር ዶክተሯ ኩላሊትሽ ፕሮቲን ማሳለፍ ጀምሯል ብሎ ዳፓግሊፍሎዚን 10 ሚሊግራም ጨመረላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽንቷ ሲመረመር ስኳር ሶስት ፕላስ ወጣ፣ ጎረቤታችን ወረቀቱን አይተው ‹ይሄማ ኩላሊትሽን ሊጨርሰው ነው› ሲሏት ደንግጣ አቆመችው። እኔ ሳነብ መድሃኒቱ የግሉኮስ ትራንስፖርተር ይዘጋል ይላል፣ የግሉኮስ ትራንስፖርተር ደግሞ አንጎልም ጡንቻም ቀይ የደም ሴልም ላይ አለ ይላል። ታዲያ አንጎሏ ስኳር አያጣም? ኤስጂኤልቲ እና ግሉት የሚባሉት አንድ ናቸው? ሁዳዴም እየመጣ ነው፣ እሷ ደግሞ ጾም አትተውም። ተቅማጥ ሲይዛትም ኦአርኤስ ስኳር አለው ብለዋት አትጠጣም። ግራ የገባኝ ልጇ ነኝ።»

መድሃኒቱ መቆም አልነበረበትም። ሽንት ላይ ሶስት ፕላስ የወጣው ስኳር መድሃኒቱ ስራውን፣ ማለትም ስኳርን በሽንት ማስወጣቱን፣ እየሰራ መሆኑን ነው የሚያሳየው እንጂ ኩላሊት እየተበላሸ መሆኑን አይደለም፣ እንደውም ኩላሊቱ ደህና ሆኖ ዳፓግሊፍሎዚን የሚወስድ ሰው ሽንቱ ላይ ስኳር ካጣን ነው መድሃኒቱን በየቀኑ እየዋጡ ነው ወይ ብለን የምንጠይቀው። ያቺ ቀጭን የሽንት ስትሪፕ ሽንት ውስጥ ተነክራ ስትወጣ የስኳሯ ካሬ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ከአረንጓዴ ሰማያዊ ተነስታ ቡኒ ትሆናለች፣ ላብራቶሪ ያለው ልጅ ሰውየው ምን መድሃኒት እንደሚወስድ ካልተነገረው ሶስት ፕላስ ብሎ ይጽፋል፣ ከዛ ወረቀቱን ያየ ሁሉ ይደነግጣል። ስለዚህ አንደኛ ነገር፣ ይሄን መድሃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩን በሽንት መከታተል አይችልም። በደም ብቻ ነው።

የጎረቤታችሁ ድንጋጤ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ አገር ስኳር በሽታ የሚታወቀው ሽንት ላይ ጉንዳን ሲሰበሰብ ነበር፣ ሽንት ላይ ስኳር ማለት በሽታው ብሷል ማለት ሆኖ ነው በሰው አእምሮ የተቀረጸው። ያ እውነት የሚሆነው ያለመድሃኒት ሲሆን ነው። ደም ውስጥ ያለው ስኳር በግምት 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲያልፍ ኩላሊት መልሶ መሰብሰብ ያቅተውና ትርፉ ይፈሳል፣ ስለዚህ ሽንት ላይ የታየው ስኳር «ደም ውስጥ በጣም ከፍ ብሏል» የሚል ምልክት ነው። ኩላሊቱን የሚጎዳው ደም ውስጥ ለአመታት የቆየው ስኳርና ግፊቱ ነው፣ ወደ ውጭ የፈሰሰው ስኳር አይደለም። ለዚህ ተፈጥሮ ራሷ ማስረጃ አስቀምጣለች፦ ኤስጂኤልቲ 2 የሚባለው፣ ኩላሊት ላይ ስኳርን መልሶ የሚሰበስበው ትራንስፖርተር ከውልደታቸው ጀምሮ የማይሰራላቸው ሰዎች አሉ፣ እድሜ ልካቸውን በየቀኑ ሽንታቸው ላይ ስኳር ይወጣል፣ አንዳንዶቹ በቀን ከ100 ግራም በላይ ያወጣሉ፣ አብዛኞቹ ግን ኩላሊታቸው ደህና ሆኖ ነው የሚኖሩት፣ ብዙዎቹም በአጋጣሚ ሽንት ሲመረመሩ ነው የሚያውቁት። የእናትሽ ኩላሊት ላይ ሊያሳስብሽ የሚገባው ነገር ወረቀቱ ላይ ሌላ መስመር ላይ ያለው ፕሮቲን ነው፣ ዶክተራቸውም መድሃኒቱን የጨመሩት ለዛ ነው።

አሁን ወደ ትራንስፖርተሩ እንምጣ፣ ጥያቄሽ ውስጥ ትልቁ መደናገር ያለው እዚህ ጋ ነው። የሴል ሽፋን ቅባት ነው፣ ቅባት ደግሞ ስኳርም ጨውም እንዲሁ አያሳልፍም፣ ስለዚህ ሽፋኑ ላይ የተሰኩ ፕሮቲኖች ያስፈልጋሉ። ብዙ ሰው እነዚህን ሁሉ «ቀዳዳ» ብሎ ነው የሚያስባቸው። ቀዳዳ የሚመስለው ቻናል ነው፣ ሲከፈት በሰከንድ ሚሊዮን አዮን (እንደ ሶዲየም ያለ የጨው ቅንጣት) ያልፍበታል። ትራንስፖርተር ግን በአንድ ጊዜ ከሁለቱም ወገን አይከፈትም። ሁለት በር ያለው ጠባብ መግቢያ አስቢ፣ የውጭው በር ሳይዘጋ የውስጡ የማይከፈት፣ እንግዳው ገብቶ መሃል ይቆማል፣ ኋላው ይዘጋል፣ ፊቱ ይከፈታል። በዚህ ምክንያት ከቻናል በጣም ቀርፋፋ ነው፣ ግን የሚያሳልፈውን መርጦ ነው የሚያሳልፈው፣ አንዳንዱም ከዝቅተኛው ወደ ብዙው ሰፈር ማለትም አቀበት መውጣት ይችላል።

የእናትሽን የመድሃኒት ፌስታል አልጋ ላይ ብትዘረግፊው ይሄን ሁሉ እዛው ታገኚዋለሽ። አምሎዲፒን የሚዘጋው ቻናል ነው፣ የደም ስር ጡንቻ ላይ ያለውን የካልሲየም ቻናል። ኦሜፕራዞል የሚዘጋው ፓምፕ ነው፣ ጨጓራ ውስጥ ኤቲፒ (የሴል ነዳጅ) እያቃጠለ አሲድ የሚገፋውን። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚዘጋው ኩላሊት ውስጥ ሶዲየምና ክሎራይድን አብሮ የሚያስገባ ትራንስፖርተር ነው። ሜትፎርሚን ደግሞ ተሳፋሪ ነው፣ ጉበት ሴል ውስጥ የሚገባው ኦሲቲ 1 በሚባል ትራንስፖርተር ተጭኖ ነው፣ ከሰውነት የሚወጣውም ኩላሊት ላይ ባሉ ሌሎች ትራንስፖርተሮች ነው፣ ኩላሊት ሲደክም የሜትፎርሚን መጠን የሚቀነሰው መውጫው ስለሚጠብ ነው። ስለዚህ እናትሽ ለአመታት የኩላሊት ትራንስፖርተር የሚዘጋ ክኒን ሲወስዱ ኖረዋል፣ ያኔ ማንም አልደነገጠም፣ ምክንያቱም ጨው ሽንት ላይ ሲወጣ ጉንዳን አይመጣም።

ፋሚሊ (የሚመሳሰሉ ፕሮቲኖች ቤተሰብ) የሚለው ነገር ያደናገረሽ ይመስለኛል። ሰው ውስጥ ትራንስፖርተሮች በሁለት ትላልቅ ወገኖች ይመደባሉ። አንደኛው ኤስኤልሲ ይባላል፣ ከ400 በላይ ጂን ያለው፣ ወደ 65 በሚሆኑ ፋሚሊዎች የተከፋፈለ፣ አብዛኞቹ ኤቲፒን ራሳቸው አይሰብሩም። ሁለተኛው ኤቢሲ ነው፣ 48 ያህል ጂን፣ እነሱ በኤቲፒ ጉልበት ነው የሚገፉት፣ ብዙ ጊዜም ወደ ውጭ ነው የሚገፉት። ለምሳሌ ፒ ግላይኮፕሮቲን የሚባለው የኤቢሲ ልጅ አንጎል የደም ስር ግድግዳ ላይ ቆሞ የመጣውን ብዙ መድሃኒት መልሶ ይገፋል። ለተቅማጥ የሚሰጠው ሎፐራማይድ በዝርያው ከሞርፊን ወገን ሆኖ በተለመደው መጠን ሰውን የማያደነዝዘው እሱ በር ላይ ስለሚመልሰው ነው። ከነዚህ ውጭ ደግሞ ፓምፖቹ አሉ፣ ዋናው ሶስት ሶዲየም አስወጥቶ ሁለት ፖታሲየም የሚያስገባው ነው፣ የዴንማርኩ የንስ ስኮ በ1957 ለይቶት በ1997 ኖቤል የተሸለመበት። ይሄን ፓምፕ አትርሺው፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

የአንድ ፋሚሊ ልጅ መሆን ግን አንድ ስራ መስራት ማለት አይደለም። ኤስጂኤልቲ 2 የተመደበበት ፋሚሊ ኤስኤልሲ 5 ይባላል፣ እዛው ፋሚሊ ውስጥ ታይሮይድ ዕጢ ላይ ተቀምጦ አዮዲን ከደም የሚለቅም ወንድም አለው። አዮዲን ያነሰበት ሰው እንቅርት የሚያወጣው ያ ዕጢ የሚለቅመው ሲያጣ ነው። አንዱ ስኳር ይሸከማል ሌላው አዮዲን፣ አንዱ ኩላሊት ሌላው አንገት፣ ሁለቱም ግን ሶዲየምን ተከትለው ነው የሚገቡት። ስለዚህ ስለ አንድ ትራንስፖርተር ስታነቢ የመጀመሪያ ጥያቄሽ የየት ፋሚሊ ነው ሳይሆን የትኛው ቲሹ ላይ፣ በሴሉ የትኛው ጎን ነው የተቀመጠው የሚለው ይሁን። መልሱ ሁሉ ያለው እዛ ነው።

ግሉኮስን የሚሸከሙት ሁለት ፋሚሊዎች ናቸው፣ አንድ አይደሉም። ግሉት የሚባሉት ኤስኤልሲ 2 ናቸው፣ ሰው ውስጥ 14 አይነት አሉ፣ ስኳርን ከብዙው ወደ ትንሹ ቁልቁለት ብቻ ነው የሚያወርዱት። ግሉት 1 ቀይ የደም ሴል ላይና አንጎልን ከደም በሚለየው ግድግዳ ላይ ነው። ግሉት 3 የነርቭ ሴሎች ላይ ነው፣ ስኳር ትንሽ እንኳን ቢሆን አጥብቆ ይይዛል፣ ለዛ ነው አንጎል ሌላው ሲራብ ድርሻውን የሚያገኘው። ግሉት 2 ጉበት፣ ጣፊያና አንጀት ላይ አለ (ጣፊያ ያልኩት ኢንሱሊን የሚያመነጨውን ፓንክሪያስ ነው፣ አንዳንዱ ቆሽት ይለዋል)፣ እሱ አጥብቆ አይይዝም፣ ስኳር ሲበዛ ብዙ ሲያንስ ትንሽ ያሳልፋል። ግሉት 5 አንጀት ላይ ፍሩክቶስ ነው ስራው። ግሉት 4 ደግሞ ጡንቻና ስብ ላይ፣ ኢንሱሊን የሚያዘው እሱን ነው።

እዚህ ጋ አንድ በጣም የተስፋፋ ስህተት ላርም። «ኢንሱሊን ቁልፍ ነው፣ የሁሉንም ሴል በር ይከፍታል» ይባላል፣ እኛም ለታካሚ ለማቅለል እንለዋለን፣ ግን ልክ አይደለም። አንጎል፣ ቀይ የደም ሴል፣ ጉበት፣ ኩላሊት ስኳር ለማስገባት ኢንሱሊን አይጠብቁም። ጡንቻና ስብ ውስጥም ቢሆን ኢንሱሊን የተዘጋ በር አይከፍትም፣ ግሉት 4 ሴሉ ውስጥ በትንንሽ ከረጢት ታሽጎ ነው የሚቀመጠው፣ ኢንሱሊን ሲመጣ ከረጢቶቹ ወደ ሽፋኑ ሄደው ይለጠፋሉ፣ በሩ ያኔ ይተከላል ማለት ይሻላል። ደስ የሚለው ነገር ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ያለ ኢንሱሊንም ግሉት 4 ወደ ሽፋኑ ይወጣል። እናትሽ ከምሳ በኋላ ሃያ ደቂቃ ቢራመዱ ስኳራቸው የሚወርደው ለዚህ ነው፣ ይሄን ንገሪያቸው፣ በነጻ ነው።

ኤስጂኤልቲዎቹ ሌላ ናቸው። እነሱ ስኳርን አቀበት ያወጡታል፣ ጉልበቱን የሚያገኙት ከሶዲየም ነው። ቅድም አትርሺው ያልኩሽ ፓምፕ ሶዲየምን ከሴሉ እያወጣ ውስጡን ያደርቀዋል፣ ሶዲየም ተመልሶ ለመግባት ይሽቀዳደማል፣ ኤስጂኤልቲ ሶዲየሙ ቁልቁለት ሲወርድ ስኳሩን አብሮ ያሳፍረዋል። ይሄን ሃሳብ ሮበርት ክሬን የሚባል ተመራማሪ በ1960 ፕራግ ላይ አቀረበው፣ የኤስጂኤልቲ 1 ጂን ደግሞ በ1987 ተገኘ። ኤስጂኤልቲ 1 ዋና ቤቱ ትንሹ አንጀት ነው፣ ከምግብ ግሉኮስ የሚለቅመው እሱ ነው፣ ለአንድ ግሉኮስ ሁለት ሶዲየም ያስገባል። ኤስጂኤልቲ 2 ደግሞ ዋና ቤቱ ኩላሊት ነው፣ የቱቦው መጀመሪያ ላይ፣ ለአንድ ግሉኮስ አንድ ሶዲየም። ኩላሊት በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ያጣራል፣ በዛ ውስጥ ጤነኛ ሰው ላይ ከ160 እስከ 180 ግራም ግሉኮስ አብሮ ይወርዳል፣ ኤስጂኤልቲ 2 ከዛ 90 በመቶ ያህሉን ይሰበስባል፣ የቀረውን ከቱቦው ዝቅ ብሎ ያለው ኤስጂኤልቲ 1 ይለቅማል፣ ሽንት ላይ ምንም አይደርስም።

ዳፓግሊፍሎዚን የሚዘጋው ያንን ኤስጂኤልቲ 2 ነው፣ ከኤስጂኤልቲ 1 ከሺህ እጥፍ በላይ ለይቶ። ግሉቶቹን አይነካም። ስለዚህ የአንጎል ጥያቄሽ መልሱ አይ፣ አያጣም ነው፣ አንጎል የሚመገብበት ግሉት 1 እና ግሉት 3 ሌላ ፋሚሊ፣ ሌላ አሰራር፣ ሌላ ቦታ ናቸው። ግሉት 1 በእውነት ቢጎድል ምን እንደሚመስል እናውቃለን፣ በ1991 የተገለጸ የጂን ችግር አለ፣ ህጻናቱ የሚጥል በሽታ ይይዛቸዋል፣ እድገታቸው ይዘገያል፣ የደማቸው ስኳር ልክ ሆኖ የአከርካሪ ፈሳሻቸው ውስጥ ያለው ግን ዝቅ ይላል፣ የሚረዳቸው አንጎል በኬቶን (ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚያወጣው ነዳጅ) እንዲኖር የሚያደርግ ስብ የበዛበት አመጋገብ ነው። ከእናትሽ መድሃኒት ጋር ምንም አይገናኝም።

ደግሞም ኤስጂኤልቲ 2 ሲዘጋ ታች ያለው ኤስጂኤልቲ 1 ስራውን ስለሚያጠናክር የተጣራው ስኳር በሙሉ አይፈስም፣ ስኳር በሽታ ባለበት ሰው በቀን ወደ 70 ግራም ቢወጣ ነው። የደም ስኳር ሲወርድ የሚጣራውም ስለሚያንስ የሚፈሰው አብሮ ይቀንሳል፣ ለዛ ነው መድሃኒቱ ለብቻው ወይ ከሜትፎርሚን ጋር ሲሆን ስኳርን ከልክ በላይ የማያወርደው። ግሊቤንክላማይድ (ሌላ የስኳር ክኒን) ወይ ኢንሱሊን አብሮ ካለ ግን ይለያል፣ የነሱ መጠን መቀነስ ሊኖርበት ይችላል።

ኩላሊት ለምን ይጠቀማል ላልሽው (ቃል በቃል አላልሽም፣ ግን ጥያቄሽ ውስጥ አለ) መልሱ ከስኳሩ ይልቅ ሶዲየሙ ላይ ነው ያለው። ስኳር በሽታ ሲኖር ኤስጂኤልቲ 2 ከልክ በላይ ይሰራል፣ ስኳር ሲሰበስብ ሶዲየሙንም አብሮ ይሰበስባል፣ ቱቦው ወደ ታች ሲሄድ ሶዲየም የሚለካ የሴሎች ስብስብ አለ፣ እሱ ጋ የሚደርሰው ሶዲየም ትንሽ ስለሚሆን «ደም አልደረሰኝም» ብሎ ይረዳውና ወደ ማጣሪያው የሚገባውን የደም ስር ያሰፋል። ማጣሪያው በግፊት ይወጠራል፣ ለአመታት ሲወጠር ይሳሳል፣ ፕሮቲን ማሳለፍ ይጀምራል፣ እናትሽ አሁን ያሉበት ደረጃ ይሄ ነው። መድሃኒቱ ኤስጂኤልቲ 2ን ሲዘጋ ሶዲየሙ መለኪያው ጋ ይደርሳል፣ የደም ስሩ መለስ ብሎ ይጠብባል፣ ማጣሪያው ከውጥረት ያርፋል። አንድ ነገር አስቀድመሽ እወቂ፦ በዚሁ ምክንያት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክሬያቲኒን (የኩላሊትን ስራ ለማወቅ በደም የሚለካው) ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ይሄ የሚጠበቅ ነው፣ ከነበረበት እስከ 30 በመቶ ድረስ ቢጨምርም መድሃኒቱን አናቆምም፣ ከዛ ካለፈ ግን ድርቀት ወይ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን። በ2020 የወጣው 4,304 የኩላሊት ታካሚዎች የተሳተፉበት የዳፓግሊፍሎዚን ጥናት ላይ የኩላሊት መድከም፣ የኩላሊት መጨረሻ ደረጃ ላይ መድረስና በኩላሊት ወይ በልብ ምክንያት መሞት አንድ ላይ ተደምረው ሲታዩ በ39 በመቶ ቀንሰዋል። የአለም ጤና ድርጅትም ይሄን የመድሃኒት ወገን በ2021 አስፈላጊ መድሃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ሃሳቡ አዲስ ነገር ነው ብለሽም አትፍሪ፣ ከፖም ዛፍ ቅርፊት በ1835 የወጣ ፍሎሪዚን የሚባል ነገር ሽንት ላይ ስኳር እንደሚያመጣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል፣ የዛሬዎቹ ክኒኖች የሱ የልጅ ልጆች ናቸው።

ወሰኑን ደግሞ ልንገርሽ። የተጎዳ ማጣሪያን አይመልስም፣ የቀረው ቶሎ እንዳያልቅ ነው የሚያደርገው። ስኳር የማውረድ አቅሙም መካከለኛ ነው፣ ኩላሊት እየደከመ ሲሄድ ደግሞ ይቀንሳል፣ የማጣራት ልኬቱ ከ45 ሲወርድ ስኳር ያወርድልኛል ተብሎ አይታመንበትም፣ ለኩላሊትና ለልብ ያለው ጥቅም ግን ይቀጥላል። ታይፕ 1 ላለበት ሰው፣ ከዚህ በፊት ኬቶአሲዶሲስ (ኬቶን በዝቶ ደም መኮምጠጥ) ለያዘው፣ ዲያሊሲስ ላይ ላለ ሰው አንሰጥም። ውድ መሆኑንም አውቃለሁ፣ አንዳንዴም ከገበያ ይጠፋል፣ ገንዘብ ቢያጥር ግን ይሄን ለመግዛት ብላችሁ ሜትፎርሚኑን ወይ የግፊቱን እንዳታስቀሩ።

አሁን ጥንቃቄው፣ እዚህ ጋ እንድታተኩሪ እፈልጋለሁ ምክንያቱም ትክክለኛው አደጋ ያለው እዚህ ነው እንጂ ሽንቱ ላይ አይደለም። ይሄ መድሃኒት ስኳርን እያወጣ ስለሆነ ሰውነት ጾም ላይ ያለ ይመስል ስብ ማቃጠል ይጀምራል፣ ኬቶን ትንሽ ከፍ ይላል። በዛ ላይ ሰውየው ለረጅም ሰአት ካልበላ፣ ካስመለሰው ወይ ካተኮሰው ኬቶኑ ደም እስኪያኮመጥጥ ሊደርስ ይችላል፣ አደገኛ የሚያደርገው ደግሞ የደም ስኳሩ ብዙም ከፍ አለማለቱ ነው። አንድ የ58 አመት ሰው አልረሳም፣ አክፍሎት ይዘው ከሃሙስ ማታ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሱም፣ ክኒኑን ግን በየጠዋቱ በምራቃቸው እየዋጡ ነበር፣ መድሃኒት ጾም አይገድፍም ብለው። ቅዳሜ ሆዳቸውን ቆርጧቸው ሲያስመልሱ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዱ፣ ስኳራቸው ሲለካ 190 ሆነ፣ ጨጓራ ነው ተብሎ ተመለሱ። እኛ ጋ ሲመጡ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እንኳን ረጅም ርቀት እንደሮጠ ሰው በጥልቀት ይተነፍሱ ነበር፣ ትንፋሻቸው የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል፣ የሽንት ስትሪፑ የኬቶን ካሬ ወይን ጠጅ ሆነ። ዳኑ፣ ግን ለጥቂት ነው። ስለዚህ ይሄን መድሃኒት የሚወስድ ሰው ካስመለሰው፣ ሆዱን ከቆረጠው፣ አተነፋፈሱ ከተለወጠ ስኳሩ 150ም ይሁን 200 ኬቶን ይለካ ብላችሁ ጠይቁ። የመድሃኒቱን ስም ንገሯቸው፣ ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ።

ከዚህ ተነስተሽ የሁዳዴን ነገር እይው። የጾም ምግብ ራሱ ችግር የለውም፣ ሽሮና ምስር በእንጀራ በቂ ካርቦሃይድሬት አለው፣ ችግሩ ሰአቱና ውሃው ነው። እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰአት መጾም ካለባቸው ከዶክተራቸው ጋር ተነጋግረው ክኒኑን ከጠዋት ወደ ጾም መፍቻው ያዙሩት፣ ከበሉ በኋላ ይውሰዱት፣ ከዛ እስከ መኝታ ውሃ ደጋግመው ይጠጡ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይዱም ውሃ ስለሚያወጣ ብድግ ሲሉ የሚያዞራቸው ከሆነ ግፊታቸው ይለካና መጠኑ ይታይ። አክፍሎት ግን አይሆንም። እምቢ ካሉና ከያዙ ደግሞ ክኒኑ ከሶስት ቀን በፊት ይቁም፣ ቀዶ ጥገና ላለበት ሰው የምንሰጠው ትዕዛዝም ይሄው የሶስት ቀን ነው፣ በልተው ጠጥተው እስኪመለሱ አይጀመርም። የሚሰሙሽ ካልሆነ የንስሐ አባታቸውን ቀድመሽ አናግሪ፣ ብዙ እናቶች ከሃኪም ይልቅ የሳቸውን ቃል ነው የሚቀበሉት፣ ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀልም እሳቸው ያውቃሉ።

ሌላው የብልት ማሳከክ ነው። ስኳር ያለበት ሽንት ለፈንገስ ምግብ ነው፣ ሴቶች ላይ በተለይ ይበዛል፣ እናቶች ደግሞ አፍረው አይናገሩም፣ ዝም ብለው መድሃኒቱን ይተዉታል። አንቺ ጠይቂያቸው። ከሽንት በኋላ በውሃ መታጠብ፣ አድርቆ የጥጥ ሙታንታ መልበስ ይበቃል፣ ካሳከካቸው የፈንገስ ቅባት በቀላሉ ይመልሰዋል። በዛ አካባቢ ከባድ ህመም፣ እብጠትና ትኩሳት አንድ ላይ ከመጣ ግን በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም አደገኛ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም።

የኔ ምክር ግልጽ ነው። በዚህ ሳምንት እናትሽን ይዘሽ መድሃኒቱን ወዳዘዙላቸው ዶክተር ሂጂ፣ ለምን እንዳቆሙ በቀጥታ ንገሪያቸው፣ ክሬያቲኒንና የሽንት አልቡሚን (ሽንት ላይ የሚወጣው ፕሮቲን) ይሰራ፣ ከላይ የጠቀስኳቸው ክልከላዎች ከሌሉባቸው ዛሬ ነገ ሳይባል መድሃኒቱ ይጀመር። ከወር በኋላ ክሬያቲኒኑ ይደገም። ሽንት በተመረመሩ ቁጥር ደግሞ የምርመራ ወረቀቱ ላይ «ዳፓግሊፍሎዚን ይወስዳሉ» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቂ፣ ያ አንድ መስመር ብዙ ድንጋጤ ያስቀራል።

የኦአርኤሱ ነገር ቀረ። እናትሽን ኦአርኤስ መከልከል ስህተት ነው፣ አደገኛ ስህተት። ዱቄቱ ውስጥ ግሉኮስ የተጨመረው ለማጣፈጥ ወይ ለጉልበት አይደለም፣ አንጀት ላይ ያለውን ኤስጂኤልቲ 1 ለማንቀሳቀስ ነው። አተት ሲይዝ የኮሌራው መርዝ አንጀት ሴል ላይ ያለ ሲኤፍቲአር የሚባል ፕሮቲን ከፍቶ ይተወዋል (ይሄ የኤቢሲ ወገን ነው፣ ግን ከወንድሞቹ ተለይቶ እንደ ቻናል ነው የሚሰራው)፣ ክሎራይድ ይፈሳል፣ ሶዲየምና ውሃ ይከተሉታል፣ ሰው በሰአታት ይደርቃል። እዛው ሴል ላይ ያለው ኤስጂኤልቲ 1 ግን አይነካም። ግሉኮስና ጨው አንድ ላይ ሲሰጠው ሁለቱንም ያስገባል፣ ውሃው ይከተላል። ውሃ ብቻ ቢጠጣ፣ ጨው ብቻ ቢጠጣ እንዲህ አይሰራም። በ1971 የባንግላዴሽ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ኮሌራ ሲገባና የደም ስር ፈሳሽ ሲያልቅ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉ ሃኪም በበርሜል ቀላቅለው በኩባያ እያጠጡ ከ30 በመቶ የነበረውን ሞት ወደ 4 በመቶ ገደማ ያወረዱት በዚሁ ነው። አሁን ያለው ከ2002 ጀምሮ የተስተካከለው ኦአርኤስ በአንድ ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስ ነው ያለው፣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። ዳፓግሊፍሎዚን የኤስጂኤልቲ 2 መዝጊያ ስለሆነ አንጀት ላይ የኦአርኤሱን ስራ አያደናቅፍም።

ስለዚህ ተቅማጥ ወይ ትውከት በያዛቸው ቀን እንዲህ አድርጊ፦ ዳፓግሊፍሎዚኑ፣ ሜትፎርሚኑና ሃይድሮክሎሮታያዛይዱ ለጊዜው ይቁሙ፣ አንዱን ፓኬት ኦአርኤስ ሙሉ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጪ፣ ግማሽ ፓኬት በብርጭቆ ብሎ መገመት የለም፣ በወጡ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ቀስ እያሉ ይጠጡ፣ ስኳራቸውን በደም ለኪላቸው። ፓኬት ከጠፋ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። ፈሳሽ አልረጋ ካላቸው፣ ሽንት ከቆመ ወይ መተንፈስ ከከበዳቸው ቤት አትቆዩ። ተቅማጡ ቆሞ እንደ ወትሮው በልተው ጠጥተው አንድ ወይ ሁለት ቀን ካለፈ በኋላ ሶስቱም መድሃኒቶች ይመለሳሉ።